ግጥም የሚያስቆም ሻይ

ለአስካለዬ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽኝ እነሆ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። እንዴት ከረምሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ አንቺ ያለሽበት ቦታ ክረምትም በጋም እንደሌለው የነፍስ አባታችን ነግረውኛል። እኛ ደህና ነን። ይህን ስልሽ የምሬን ነው፤ ከአንድ ወር በፊት ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት የምሥራች ስላለኝ ነው። መቼም ባልሽን ታውቂዋለሽና፣ የምሥራቹ ዘንድ እስክደርስ ትንሽ መዞሬን ቻይኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽው አሸንዳ ተጠገነ። ዛሬ ነገ እያልሁ ስድስት ክረምት ያሳለፍሁት ሥራ በግማሽ ቀን ማለቁን ሳይ ብቻዬን አፈርሁ። በራችን ላይ ባጃጆች ተራ መያዝ ጀምረዋል፤ ሾፌሮቹ ጠዋት ጠዋት ሻይና ፓስቲ ይወስዳሉ። ከአጥሩ ሥር የተከልሻት ኮረሪማ ዘንድሮ ፍሬ ያዘች። ልጃችን ምሕረት ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቃ፣ ምደባ እስኪደርሳት ሻይ ቤቱን ይዛዋለች። ፓስቲዋ ከእናቷ ይበልጣል የሚሉ ደንበኞች አሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ምስክርነት አልሰጠሁም፣ አልሰጥምም።

አሁን ወደ እሑዳችን ልምጣ። ያ ነገር እንዴት እንደተጀመረ ታስታውሻለሽ? የሚሌኒየሙ ዋዜማ ነበር። መምህር ታደሰ ግጥም የሚነበብበት ቦታ ፍለጋ ቦንጋን ዞሮ ዞሮ፣ አዳራሹ ሁሉ በስብሰባ ተይዞበት፣ ደክሞት እኛ ዘንድ ሻይ ሊጠጣ ገባ። አንቺ ብሶቱን ሰማሽና እሑድ ከሰዓት አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው፣ ለምን እዚህ አታነቡም አልሽው። እኔ በልቤ የተደሰትሁትን ደስታ አልነገርሁሽም እንጂ፣ ከጎጃም ተመድቤ እዚህ መዝገብ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የጻፍሁት ግጥም ሣጥን ሞልቶ ሰሚ አጥቶ ነበር።

የመጀመሪያው እሑድ መቼም አይረሳኝም። መምህር ታደሰ ስለ ሰው ልጅ የጻፈውን ግጥም ከአዳም ጀመረ። ኖኅ ዘንድ ሲደርስ የአንቺ ሻይ ፈላ። ጨዋታው እንዴት እንደሚሄድ ማንም አልነገረሽምና ብርጭቆውን ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ሄድሽ፤ ከወረቀቱ ጎን አስቀመጥሽለትና እንዲህ አልሽው፦

«መምህር፣ ይቀዘቅዝብዎታል።»

ሰውየው ጨዋ ነው፤ አመስግኖ ፉት አለ። እኛ ያለቀ መስሎን አጨበጨብን። እሱ ያቆመበትን መስመር ሲፈልግ ጭብጨባው አላባራ አለ፣ በመጨረሻም እጅ ነሥቶ ተቀመጠ። የሰው ልጅ ከመርከቡ ሳይወርድ ቀረ። በኋላ ሁሉም ያ ግጥም እንዴት ያምራል አለ።

ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። የጻፈው የለም፣ ያጸደቀው የለም፣ ግን አንቺ ከምድጃው ተነሥተሽ ብርጭቆ ከያዝሽ አንባቢው የቀረው አንድ ስንኝ ብቻ መሆኑን ያውቃል። ጋሽ ኑሪ ከጨርቅ ሱቁ መጥቶ በቃሉ ሲገጥም፣ ወረቀት ስለማይዝ ማለቂያው አይታወቅም ነበር፤ ለእሱ ሻይ የምትቀጂው ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ ሁላችንም ዝም ብለን እንጠብቃለን፤ አንቺ ወደ ላይ እያየሽ ዛሬ እግዜር ቀደመኝ ብለሽ ትስቂያለሽ። በአገርሽ ቋንቋ በካፊኖኖ የምታነበውን ያቺን ነርስ ግን አንድም ቀን አስቁመሻት አታውቂም። አዳላሽ ብዬሽ ነበር። እሷ ራሷ ታውቃለች፣ የሚያቆማት አያስፈልጋትም አልሽኝ። እኔ ቋንቋው እስከዛሬ እንደ ውጭ በር ከደጅ ያስቆመኛልና ልከራከርሽ አልቻልሁም።

አንድ ቀን ግን ሳትጠብቂ ፊት ለፊት ጠየቅሁሽ። አማርኛን ገበያ ላይ የተማርሽ ሴት፣ መጽሐፍ ገልጠሽ የማታውቂ፣ የግጥም ማለቂያ በምን ታወቀሽ አልሁሽ። ንግግሬ ትዕቢት እንደነበረበት አሁን ይገባኛል። አንቺ ብርጭቆ እያጠብሽ፣ ዘወር እንኳ ሳትዪ መለስሽልኝ፦

«ግጥሙ ካለቀ በኋላ ሰው ወሬ ይጀምራል። እኔ የማስቆመው ወሬውን ነው።»

የቅኔ አገር ሰው ነኝ ባይ ባልሽ ፎጣ አንሥቶ ብርጭቆ ማድረቅ ጀመረ።

ለሌላው ሁሉ ምሕረት ነበረሽ፤ ለእኔ ግን አልነበረሽም። ሽማግሌ ይዤ ማንኪራ አባትሽ ቤት የመጣሁበትን ቀን የጻፍሁትን ግጥም ስንት ጊዜ ጀመርሁት? መንገዱን አነባለሁ፣ ጭቃውን አነባለሁ፣ የንብ ቀፎዎቹን አነባለሁ፣ አሥራ ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንቺ ከጓሮ ብቅ ትያለሽ፤ ያን ጊዜ ሻዩ ፊቴ ቁጭ ይላል። ቤቱ ይስቃል። ስምንት ዓመት ሙሉ ከአሥራ ሁለተኛው ስንኝ አልፌ አላውቅም። ሰው ፊት ስምሽ ሲነሣ አፍረሽ ነው እል ነበር። የቀረው ስንኝ ሠላሳ ስምንት እንደሆነ ስነግርሽ ደንግጠሽ ያየሽኝን አስተያየትም አልረሳሁት።

እና ያ ነገር፣ አስካለዬ። ጅማ ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ፀሐይ ገብታ አልጋሽ ላይ ወድቃ፣ የዚያ ግጥም መጨረሻው ምንድን ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። በቃሌ አውቀው ነበር። ሁለት ስንኝ ማለት ነው፣ ሌላ አይደለም። እኔ ግን ላስቅሽ ብዬ ነው፣ ደግሞም የምትድኚ መስሎኝ፦

«ድነሽ ነይ፤ እዚያው ሻይ ቤት እስከ መጨረሻው አነብልሻለሁ» አልሁሽ።

ሳቅሽ። ያን ሳምንት አልጨረስሽውም። ዓመቱን ሙሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ሌላውን ኀዘን ጎረቤትም ዕድርም ተካፍሎኛል፤ ይህን ግን ለማንም አላካፈልሁም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እሑዱ ምን እንደሆነ ብታዪ በሳቅ ትሞቺ ነበር፤ ይቅርታ፣ አነጋገሬን እለፊኝ። የሚያስቆም ጠፋ። ሰው እንዳይቀየም ሁሉም ይሉኝታ ያዘው። መምህር ታደሰ ኖኅን ከመርከቡ አወረደው፣ አብርሃምን አልፎ ግብፅ ገባ። ስለዚህ ኮሚቴ አቋቋምን። ኮሚቴው መተዳደሪያ ደንብ አረቀቀ፤ ደንቡን እኔ ራሴ ቃለ ጉባኤ ይዤ በመዝገብ ቤት አማርኛ ጻፍሁት። ሰዓት ተቆጣጣሪ ተባለና ፊሽካ ለጋሽ ኑሪ ተሰጠ። እሱ ምን ያድርግ፣ የሚያነበው ሁሉ ደንበኛው ነው፤ በማን ላይ ይነፋል? አንድ ጊዜ ብቻ ጨክኖ በእኔ ላይ ነፋ። ወዲያው ተነሥቶ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ይቅርታው ከግጥሜ ረዘመ። ቀጥሎ ግምገማ እንቀመጥ ተባለ። እያንዳንዱ ሰው ግጥሜን አስረዝማለሁ ብሎ ራሱን ሲገመግም ሦስት ሰዓት ፈጀን።

ሰው ቀስ በቀስ መቅረት ጀመረ። ስልክ ተደወለልኝ ብሎ የሚወጣው አይመለስም። ያን ጊዜ ነው የአንቺ ነገር የገባኝ። ማንም በአንቺ ያልተቀየመው ስላላቋረጥሽው ነው፤ ያስተናገድሽው ነበር።

ምሕረትን በዘወርዋራ ነካካኋት፤ እናትሽን መተካት ትችያለሽ ለማለት ነው። እሷ ግን ንባቡ ሳይጀመር ሻዩን በሙሉ ቀድታ፣ ትሪውን በር አጠገብ አስቀምጣ ጓዳ ትገባ ነበር። አንዴ ብቻ ጠየቅኋት፤ የእማዬ ቦታ ነው አለችኝ። ደግሜ አልጠየቅኋትም።

በመጨረሻ ሰባት ሰው ቀረን። የሙት ዓመት ተዝካርሽን ባወጣን በሳምንቱ እሑድ አንብበን እንበተን፣ በክብር እንዝጋው ተባባልን። እኔም ያን ዕለት ግጥሙን እስከ መጨረሻው ላነብልሽ ወሰንሁ። ቃል ቃል ነው።

የመጨረሻው ነው መባሉ ተሰምቶ ኖሮ ቤቱ ሞላ። የቀረው ሁሉ መጣ፤ ነርሷም ከነሥራ ልብሷ መጣች። ተነሥቼ ጀመርሁ። መንገዱን አነበብሁ፣ ጭቃውን አነበብሁ፣ ቀፎዎቹን አነበብሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ አንቺ ከጓሮ ብቅ አልሽ። ሳላስበው ቆምሁ፤ እጄ ብርጭቆ ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ሄደ። ምንም የለም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የሚስቱን ግጥም የሚያነብ ባለ ኀዘን ማን ያስቆማል?

ስለዚህ ቀጠልሁ። አሥራ ሦስተኛው ስንኝ ስለ አዲሱ ጫማዬ ነበር፣ አስካለዬ። አሥራ አምስተኛው ስለ ቅኔ ቤት ትምህርቴ። አሥራ ስምንተኛው ሽማግሌዎቹ ንግግሬን እንዴት እንዳደነቁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ሳነበው ሰማሁት፤ አንቺ ብቅ ካልሽ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ እኔ ነው። አፍረሽ አልነበረም ለካ። ወሬ ጀምሬ ነው። ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፣ ግን ማቆምም አቃተኝ፤ ባቆም ደግሞ የገባሁልሽን ቃል ማፍረስ ሆነብኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ ዝናብ እንኳ እንዲመጣ ለመንሁ። አልመጣም።

ሃያ አንደኛው ላይ የሻዩ ኮረሪማ ሸተተኝ። ምሕረት ከጓዳ ወጥታ በሰው መሐል እየመጣች ነው። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛው ነበር፤ ሞልታው ኖሮ ጣቷን አራሰው። ከወረቀቱ ጎን አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለችኝ።

አስካለዬ፣ ፉት አልሁ። ጣፋጭነቱን ልነግርሽ አልችልም። ቀና ስል መምህር ታደሰ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ሳቁን ይዞ ነው። እሱ ሲለቀው ቤቱ ሁሉ ለቀቀው። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬም አብሮ ወረደ፤ ምሕረት በአንድ ጊዜ ስትስቅም ስታለቅስም አንቺን መሰለች። ጋሽ ኑሪ ፊሽካውን ከኪሱ አውጥቶ ትሪው ላይ አኖረና ስንት ዓመት እንደተሸከመው ሰው እፎይ አለ።

እነሆ የምሥራቹ። እሑዳችን አልተዘጋም። ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ አግዳሚ ከጎረቤት ተዋስን። ምሕረት መምህር ታደሰን አብርሃም ዘንድ አስቆመችው፤ ካንቺ ትንሽ ታግሣለች፣ ገና ጀማሪ ናት። ምደባዋ ቅርብ ይሁን ሩቅ አገር፣ ሄዳ እስክትመለስ ብርጭቆውን እኔ እይዛለሁ። እኔ ማንንም በጊዜ እንደማላስቆም ሁሉም ስለሚያውቅ ቶሎ እንድትመለስ ይጸልዩላታል።

ግጥሙን ቤት መጥቼ አረምሁት። ከአሥራ ሁለተኛው ስንኝ በኋላ ያለውን ሁሉ ሰረዝሁ፤ ጫማው ሄደ፣ ቅኔ ቤቱም ሄደ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ አልሰረዝኋቸውም፤ የጠየቅሽኝ እነሱን ነውና። እሑድ አላነባቸውም፣ የአንቺ ብቻ ናቸው። ስጽፋቸው ወጣት ነበርሁ፣ አዲስ ሙሽራ፣ ለጨዋታ ነበር የጻፍኋቸው። አሁን ስደግማቸው ጨዋታነታቸው ጠፋኝ፦

ማንኪራ ስወጣ መንገዱ ረዘመ፤
ካንቺ ጋር ስመለስ ምነው ቶሎ ቆመ።

ይኸው ነው መጨረሻው። ሆስፒታል ሳለሽ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ። እስትንፋሴ እስካለች እሑድ እሑድ ለአንቺ ከምድጃው አጠገብ አንድ ቦታ ክፍት ይሆናል፣ ሰው ባለፈበት ቁጥርም ለምን ባዶ እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ ላልሰማ ሁሉ ደግሞ ሻይ ግጥምን እንዴት እንደሚያስቆም ከአዳም ጀምሬ...

ምሕረት ብርጭቆውን ከወረቀቱ ጎን አስቀምጣልኝ ሄደች።