በአራተኛው ዘፈን ላይ የምትስቀው እህቴ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 1990

ሰው የጨመቀውን የሻይ ከረጢት መስኮት ደፍ ላይ ያስቀምጣል? ሳህን አለ። ቆሻሻ መጣያ አለ። ትናንት ማርታ ያመጣቻት ኖርዌያዊት እንግዳ ግን ከረጢቷን እንደ ሞተች አይጥ በጅራቷ አንጠልጥላ መስኮቴ ደፍ ላይ አስተኛቻት። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ቡናማ ክብ ሠርታ ደርቃ ጠበቀችኝ። በሳሙና ፈተግሁ፤ በቤኪንግ ሶዳ ፈተግሁ። አልለቅም አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ ሦስት ገጽ መጻፍ እችላለሁ።

አልጽፍም። ያቃጠለኝ የሻይ ከረጢቱ አይደለም።

ሴትዮዋ ጉሮ ትባላለች። ወላጆቿ ጉሮሮ ሊሏት ጀምረው መሃል ላይ የደከማቸው ይመስለኛል። ይህን ለማርታ ስነግራት፣ "ጋሼ ፕሊስ፣ ፊት ለፊቷ እንዳትላት!" አለችኝ። ዘፋኝ ናት፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ነው የምትሠራው። ከአገሯ መጥታ እዚህ ቶሮንቶ ዓመት ተቀምጣ አልበም ቀርጻለች። ማርታ፣ የእህቴ ልጅ፣ ባስ ጊታር ትጫወትላታለች። ያለቀውን ሲዲ ሊያሰሙኝ ነበር የመጡት። ቴፕና ሬዲዮ ጠግኜ ስለምበላ ማርታ "ጆሮ አለው" ብላ አሞካሽታኛለች።

ጃዝ ነው አሉኝ። ጃዝ አውቃለሁ። በጎረምሳነቴ ያለ አስተማሪ ሳክስፎን ልማር ብዬ ጎረቤት ቀበሌ ከስሶኛል። ይሄኛው ውስጥ ግን የቆጠርኩት፦

ትራምፔት።
የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን።
የኮምፒውተር ከበሮ።
የገበሬዎቻቸው ቫዮሊን።
ሐይቅ ላይ በረዶ ሲሰነጠቅ የተቀዳ ድምፅ። (እውነቴን ነው።)
ጆሮ ሥር የምታንሾካሹክ ጉሮ።

ሽሮ ላይ ዓሣ፣ ዓሣው ላይ ማርማላታ። ማርታ፣ "ሚክስ ነው ጋሼ፣ ሐሳቡ እሱ ነው" አለች። "ፍርፍርም ሚክስ ነው፤ ግን የሠራው ሰው ምን እንደጨመረበት ያውቃል" አልኳት። ተርጉማላት ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ሦስተኛው ዘፈን ድረስ ደህና ነበርኩ።

አራተኛው ላይ እህቴ ተናገረች።

ታደለች፣ የማርታ እናት፣ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያኔ ደብዳቤ ከመጻፍ ካሴት ላይ እያወራን በሰው እንላላክ ነበር። የመጨረሻዋ ካሴት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነበረች። ማርታ ሳትነግረኝ ወስዳ ለጉሮ ሰጥታታለች። "አንድ ጫማ" ትላለች ታደለች። ከዚያ ጠቅ ይላል። "አንድ ጫማ።" ጠቅ። "አንድ ጫማ።" ጠቅ። በላዩ ትራምፔት ያለቅስበታል። ያ ጠቅታ የኔ ነው። ካሴቷን ቴፕ በልቷት በእጄ ቆርጬ የቀጠልኩበት ቦታ ነው። ቅጥያዬን ከበሮ አደረጉት!

"ቤቱ ሞቀ" ብዬ በረንዳ ወጣሁ። ውጭው በረዶ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ማርታ ሲዲውን ትታልኝ ሄዳለች። ዛሬ በውስጡ ያለችውን ትንሽ መጽሔት በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበብኩ። ባላነበብኩ።

ለአራተኛው ዘፈን የተጻፈው በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ የምትሰሙት የማርታ እናት ድምፅ ነው፤ በረሃብና በጦርነት መካከል በአንድ እግር ጫማ የተጓዘች እናት ልቅሶ ነው።

ታደለች! በአንድ እግር ጫማ! የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች፤ ግማሽ አዲስ አበባ በድምፅ ያውቃታል። ፒያሳ አንድ አርመን ጫማ ሰፊ ነበራት፤ የእግሯን ልክ በወረቀት አንስቶ ያስቀመጠላት። የሰፈር ሴቶች እሷ ያደረገችውን አይተው ነበር የሚያሰፉት። ጭቃ እንዳይነካው ተረከዟን እያነሳች በድንጋይ ላይ ስትሄድ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ እሷን እያስመሰልኩ እሄድ ነበር። በጃንጥላዋ ስንት ጊዜ መታችኝ! ረሃብተኛ አድርገው ሸጧት።

ደግሞ ሳቋ። "አንድ ጫማ" ካለች በኋላ ትስቃለች ታደለች፤ ካሴቷ ላይ በደንብ ትስቃለች። ያንን ሳቅ አዘግይተው አዘግይተው ልቅሶ አደረጉት። ቴፕ ጠጋኝ ነኝና አልሸወድም።

እውነቱን ለዚህ ደብተር ልንገረው፤ ለሌላ ለማንም ነግሬ አላውቅም። እኔ አስቀድሜ ወጣሁ፤ ከዚያ ታደለች ልጇን በስምንት ዓመቷ ላከችልኝ። እሷን መውጫ ቪዛ ከለከሏት። እኔ ደግሞ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ባለ ተረከዝ ጫማ ገዛሁና የቀኙን ብቻ በሰው ላክሁላት። ውስጡ ወረቀት ከተትሁበት፦ "የግራውን መጥተሽ አድርጊ።"

መልሷ ያቺ ካሴት ነበረች። "አንድ ጫማ! አንተ ቀልማዳ፣ አንድ ጫማ ትልክልኛለህ? እየዘለልኩ ልሂድበት? ቆይ ብቻ፣ እመጣለሁ፤ በራሱ ነው የምመታህ!" ከዚያ ሳቅ።

በስድስተኛው ወር ሞተች። ኩላሊት ነው አሉ።

ካሴቷን ደጋግሜ ስሰማ ቴፑ በላት። የተጨማደደውን ቆርጬ ጣልኩ። የጣልኩት ከ"አንድ ጫማ" በኋላ ያለውን ነው። የቀረው "አንድ ጫማ"፣ ጠቅ፣ ሳቅ። ማርታ አሥር ዓመቷ ነበር። ሰምታ፣ "እማዬ ለምን አንድ ጫማ አላት?" አለችኝ። "በኋላ እነግርሻለሁ" አልኳት።

በኋላ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሲዲውን ኢቶቢኮ ወዳለው ሥራ ቦታዬ ይዤው ሄድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሌላ ሰው እንዲጸየፍልኝ።

ታክሲ ነጂው ኃይሉ የመኪና ቴፑን ሊወስድ መጣ። ምንም ሳልነግረው አራተኛውን አሰማሁት። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ምስኪን" አለ። "ጋሽ መኮንን፣ ይቺ ሴትዮ አንጀት ትበላለች። ምን ሆና ነው እንዲህ የምታለቅሰው?"

"እያለቀሰች አይደለም።"

"ኧረ ይተዉኝ! ልቅሶ አይደል ይሄ? ለቀስተኛ እኮ ነኝ፤ በየሳምንቱ ነው የምደርሰው።"

ንድድ አልኩ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው እንኳ ልቅሶ ነው አለ። ዘፈኑን ካሴት ላይ ገለበጥኩና የቴፑን ፍጥነት መጨመር ጀመርኩ። ትንሽ። ትንሽ። ትራምፔቱ ንብ ሆነ፣ ኦርጋኑ የልጅ ፉጨት ሆነ፣ ጉሮ አይጥ ሆነች። ታደለች ግን ሳቀች። የራሷን ሳቅ፣ መጨረሻ ላይ ትን የሚላትን።

ኃይሉ ዓይኑ ፈጠጠ። "እንዴ! ትስቃለች እኮ! ማን ናት?"

"ቴፕህ አልቋል፤ ውሰድ" አልኩት። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር።

ድል ናት። ትንሽ ድል። ግን ቅዳሜ ኮንሰርት አላቸው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው በዝግታዋ ነው የሚሰማት። ማርታም መድረክ ላይ ቆማ የአንዱን ጫማ ታሪክ በራሷ አፍ ልታወራ ነው። ይህን ያወቅሁት ዛሬ ነው፤ ኮል አድርጋ፣ "ጋሼ፣ የፊት ወንበር ይዤልሃለሁ" አለችኝ። ደስታዋ ከስልኩ ይፈስ ነበር። "ነገ ነይ፣ የምነግርሽ አለ" አልኳት።

ኃይሉ ሲወጣ ያለው ነገር፦ "ዜማው ግን ያምራል።" ይሄም ሰው ሆኖ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አበላሸሁት።

ማርታ ከሥራ በቀጥታ መጣች። በደንብ አስቤበት ነበር፤ በወረቀት ላይ እንኳ ጽፌ ነበር፦ አንደኛ፣ እናትሽ ድሃ አልነበረችም። ሁለተኛ፣ ጫማውን የላክሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛ፣ ይቅርታ። ስትቀመጥ ግን ፊቷን ሳይ ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ እቀልዳለሁ፤ የተረገመ አመሌ ነው።

"እናትሽ የሸሸችው ከጦርነት ሳይሆን ከኔ ቀልድ ነው" አልኳት። እንዲህ ነው የጀመርኩት! ከዚያ ታሪኩን እንደ ጨዋታ አወራሁላት፤ የታደለችን ድምፅ እያስመሰልኩ፣ "እየዘለልኩ ልሂድበት?" እያልኩ። ሳቅሁም። ብቻዬን።

እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ፦

"ግሬድ ኤይት እያለሁ ስለ አንድ ጫማዋ ድርሰት ጽፌ ክላስ ፊት አንብቤዋለሁ። አንተ መጥተህ ነበር። አጨበጨብክ።"

አጨብጭቤያለሁ። ረስቼው ነበር።

"ችግሯን በሳቅ የምትደብቅ መስሎኝ ነው ያደግኩት። ጉሮንም እንደዛ ነው ያልኳት። እሷ አይደለችም የዋሸችው ጋሼ፤ እኔ ነኝ። አንተ እንድዋሽ ለቀቅከኝ።"

"ልነግርሽ ነበር..."

"መቼ?"

ተነስቼ ከቁም ሳጥን የግራውን ጫማ አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ላረጋግጥላት ይሁን ላባብላት አላውቅም። ገልብጣ ቁጥሩን አየች። ሠላሳ ስምንት።

"የኔ ቁጥር ነው" አለች።

መልሳ አስቀመጠችው፣ ኮቷን ለበሰች፣ ሄደች። በሩን እንኳ ጓ አላደረገችውም። ብታደርገው ይሻል ነበር።

አራት ቀን ሙሉ ኖርዌያዊቷን ስጸየፍ ከረምኩ። እሷ የሰጧትን ነው የወሰደችው። ከመጽሔቷ በላይ የሚያስጠላ ነገር ቤቴ ውስጥ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ፂሙን ይላጫል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፤ ሰው "ማርታ እንዴት ናት?" እንዳይለኝ።

ሦስት ጊዜ ደወልኩላት። ሦስቱንም ጊዜ ያነሳው የመልእክት መቀበያው ነው። በእንግሊዝኛ፣ "ስምዎን ይተዉ" ይላል። ስሜንማ ታውቀዋለች።

ሲዲውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። ልጸየፈው ነበር የተቀመጥኩት፤ በአብዛኛውም ተሳክቶልኛል። በረዶ መሰንጠቅ ሙዚቃ አይደለም። ሰባተኛው ዘፈን ወለል የሚወለወል ይመስላል። ግን አራተኛው ላይ፣ እስከ ዛሬ ያላስተዋልኩት፣ ታደለች ልትናገር ስትል ባሱ ቀጥ ይላል። ማርታ እጇን ክሩ ላይ አሳርፋ እናቷ እስክትጨርስ ትጠብቃለች። ከዚያ ቀስ ብላ ትገባለች። የፈለገ ሰው ይሄንን ጃዝ ይበለው። እኔ አስተዳደግ እለዋለሁ። ከኔ ያልተማረችው።

ከሰዓት በኋላ ባዶ ካሴት አወጣሁ። ስልክ ካላነሳች እንደ ድሮው ነው የሚሆነው፤ በድምፅ ደብዳቤ። ቀይ ቁልፉን ተጫንኩ። መጀመሪያ ጉሮሮዬን ብቻ ስጠርግ ተቀዳ፤ አጠፋሁ። ሁለተኛው ላይ ቀልድ ገባበት፤ አጠፋሁ። ሦስተኛው ላይ ቆርጬ የጣልኩትን የእናቷን ቃል፣ ድምፅ ሳላስመስል፣ ቃል በቃል ነገርኳት። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩላትንም። ጫማውን ለምን አንዱን ብቻ እንደላክሁም፦ እንዳትቀርብኝ መያዣ መሆኑን። አሥራ አንድ ዓመት ዝም ያልኩት ሁለተኛውን ጫማ እዚህ ይዤ ታደለች በአንዱ ስለሞተች መሆኑን። ይቅርታ አልኩ። አንዴ ብቻ፤ ሁለቴ ካልኩት ጨዋታ እንዳይመስል።

ሁለት አውቶቡስ ይዤ ማርታ የምትኖርበት ቶርንክሊፍ ፓርክ ወረድኩ። ካሴቷን በፖስታ ሳጥኗ ቀዳዳ ከተትኩ። ላይ መብራቷ በርቶ ነበር። አልደወልኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ኮንሰርቱ ዛሬ አመሻሽ ላይ ነው። አልሄድም። ምክንያቶቼ፦

ሸሚዝ አልተኮስኩም።
ጉንፋን ይዞኛል። (አልያዘኝም።)
የፊት ወንበር አንገት ያሳምማል።
አልተጠራሁም። ረቡዕ ተጠርቼ ነበር፤ ሐሙስ ያ ጥሪ የፈረሰ ይመስለኛል።

ካሴቷ ደርሳት ይሆን? ሰምታት ይሆን? ወይስ ሳጥኑ ውስጥ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ተኝታለች? የሰፈሬ የሬክስዴል ሰማይ ዛሬ ዝቅ ብሏል፤ አውሮፕላኖቹ ጣራው ላይ የሚያርፉ ነው የሚመስሉት። ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ሻይ አፍልቼ አራቱንም ሳልጠጣው ቀዘቀዘ...

በር ተንኳኳ። የቤት ኪራይ ሰብሳቢው ቅዳሜ አይመጣም።

ጉሮ ናት። ብቻዋን። ፀጉሯ ላይ በረዶ፣ እቅፏ ውስጥ ካርቶን። በክርኗ ነበር የምታንኳኳው። "አንድ ደቂቃ" ብዬ ኩሽና አስቀምጫት መኝታ ቤት ገብቼ ይህን እየጻፍኩ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ያሉት የሲዲው መጽሔቶች ናቸው፤ ዛሬ አዳራሹ በር ላይ ሊታደሉ የነበሩት። ማርታ ካሴቷን ትናንት ማታ አሰምታታለች፤ እያቆመች እየተረጎመችላት። ጉሮ የአራተኛውን ዘፈን ጽሑፍ በሌላ ወረቀት ልትሸፍነው ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይዘጋል። "ስለ እህትህ እውነት የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጠኝ። ከአንድ በላይ ቦታ የለም" አለች፣ እንዲገባኝ እንግሊዝኛዋን ቀስ አድርጋ። ሳቁንም ዛሬ መድረክ ላይ በራሱ ፍጥነት እንደሚለቁት ነገረችኝ። ስለ ዘፈኑ ያሰብኩትን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።

"ማርታስ?" አልኳት።

"ታች ናት፣ መኪና ውስጥ። አልወጣም ብላለች።"

አንድ ዓረፍተ ነገር። እስካሁን የጻፍኳቸው፦

ታደለች ብዙ ጫማ ነበራት። (እውነት ነው፤ ግን የሱቅ ማስታወቂያ ይመስላል።)

ታደለች ወንድሟን እየሰደበች ነው። (ይሄም እውነት ነው።)

ታደለች ልትመጣ ነበር።

ሦስተኛውን አልሰረዝኩትም። ልሰጣት ነው መሰለኝ።

በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። የመኪናው መጥረጊያ በረዶውን ወዲያና ወዲህ ይላል። ማርታ መሪውን ይዛ ፊት ለፊቷን ታያለች። ቀና አላለችም። ግን አልሄደችም።