ሰው ያለባት ወንበር፦ የማማ ኖምቱንዚ ምፌንያና የሕይወት ታሪክ

ወገኖቼ፣ ወንበር ያገኛችሁ ተቀመጡ፤ ያላገኛችሁም ሣሩ ላይ አረፍ በሉ፤ ብርዱን ቻል አድርጋችሁ ስሙን። ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ያለችውን አረንጓዴ ወንበር ግን ተዉልን። ለምን እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ይነግራችኋል።

ማማ ኖምቱንዚ ከአባታቸው ከታታ ዊልተን ማንጋሊሶና ከእናታቸው ከማማ ኖፌዚሌ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 1945 ከኬስካማ ወንዝ ማዶ በኤምቶንጄኒ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ስለነበሩ፣ የወንዙ ጉም ሳይገፈፍ በደወል ድምፅ እየነቁ አደጉ። በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ወንድሞቻቸውን ተከትሎ ሄደ፤ ለእሳቸው የስፌት መኪናው ቀረላቸው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው ዐረፉ። ዕድሜ ልካቸውን ያልተለያቸው ሕልም የጀመረው ያኔ ነው። በሕልሙ ወንዙ ላይ ረጅም ገበታ ተዘርግቷል፤ ውሃው ከሥሩ ዝም ብሎ ይፈስሳል። የሚያውቋቸውም የማያውቋቸውም ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እናታቸው እየተመላለሱ ክክ በቆሎና ቦሎቄ ያድላሉ። አንዲት ወንበር ግን ባዶ ናት። እናታቸው ጭልፋውን እንደያዙ ቀና ይሉና «ያቺኛዋስ?» ይላሉ። 

ማማ ኖምቱንዚ ይህን ሕልም ያዩ ዕለት፣ ሳይናገሩት ሻይ አፋቸው አይገባም ነበር። በኋላ ልጆቻቸው «ማማ፣ ባለ ወንበሯ ዛሬስ መጣች?» እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ «መንገድ ላይ ናት፤ እናንተ ብቻ ዳቦውን አትጨርሱባት» ይሏቸው ነበር።

በ1966 ከታታ ቦናኬሌ ምፌንያና ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው በጆሃንስበርግ የወርቅ ጉድጓድ እየሠሩ ለገና ይመጡ ነበር። ታታ ቦናኬሌ ሜቶዲስት ስለነበሩ፣ እሳቸውም እንደ አገሩ ወግ የባላቸውን ቤተ ክርስቲያን ተከተሉ፤ የእናቶችን ቀይ ሸሚዝና ነጭ ቆብ አደረጉ። ፉንዲሌን፣ ምቴቶንና ሉንጌልዋን ወለዱ። በኮረብታችን ያሉትን የሦስቱንም አብያተ ክርስቲያናት፣ የሜቶዲስቱን፣ የአንግሊካኑንና የእኛን የኮንግሪጌሽናሉን፣ እናቶች ልብስ የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ። ቀዩም፣ ሐምራዊውም፣ ጥቁሩም ክር ቀሚሳቸው ላይ ስለማይጠፋ፣ «ኖምቱንዚን ጌታ ሲጠራት ከየትኛው በር እንደምትገባ እሱም ይቸግረዋል» ይባል ነበር። ታታ ቦናኬሌ በ1998 ዐረፉ።

ሉንጌልዋ ፖርት ኤልሳቤጥ በመኪና ፋብሪካ ተቀጥራ ትኖር ነበር። በ2006 ለፋሲካ መጣችና ከእናቷ ፊት ተንበርክካ፣ ኮሌካ ከምትባል ሴት ጋር ጎጆ መውጣቷን፣ ኑሮዋ ከእሷ ጋር እንደሆነ ተናገረች። ማማ ኖምቱንዚ እጇን ይዘው ከመሬት አነሷት። ከዚያ፣ «ትበያለሽ? ቀጥነሻል» አሏት። በማግሥቱ ያንኑ ሕልም አዩ፤ ባዶዋ ወንበር የማን እንደሆነችም ያኔ ገባቸው።

ወሬው ግን አብያተ ክርስቲያናቱ ወዳሉበት ኮረብታ ቀድሟቸው ወጣ። ከጸሎት ጓደኞቻቸው አንዳንዶቹ፣ «አንቺ ነይ እህታችን፤ ልጅቷን ግን ወደ ማዕዱ አታምጫት» አሏቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ አልነበረችም እንዲህ ያለችው፤ የፈሩ ሴቶች ነበሩ። ማማ ኖምቱንዚ አልተጣሉም። ቀዩን ሸሚዝ አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጣጥፈው መለሱ። ወደ አባታቸው ቤተ ክርስቲያንም ሄደው ጠየቁ፤ ቄሱ እጃቸውን ይዘው አለቀሱላቸው፤ «ለመፍቀድ ግን ሥልጣኑ የእኔ አይደለም» አሏቸው። ሉንጌልዋ ራሷ፣ «ማማ፣ አትድከሚ። በከተማ የሚቀበሉን ምእመናን አሉ፤ እዚያ እንዘምራለን» ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ «በከተማ እንግዳ ሆነሽ ተቀበሉሽ፤ እግዜር ይስጣቸው። እኔ የምፈልገው አያትሽ በተቀበሩበት ኮረብታ የጌታን እንጀራ እንድትቆርሺ ነው» አሏት።

እንዲህ እያሉ ወደዚህች ወደ ትንሿ ኮንግሪጌሽናል ቤተ ክርስቲያን መጡ። እኛ ዘንድ ጳጳስ የለም፤ አባል ሁሉ ተሰብስቦ ካልተስማማ ነገር አይቆረጥም። ስለ ሉንጌልዋ ተሰበሰብን፤ አልተስማማንም። ደግመን ተሰበሰብን፤ አሁንም አልተስማማንም። በተቃውሞው ከሁሉ የጠነከሩት ሽማግሌው ታታ ኤድሰን ቡቃ ነበሩ። በተከታዩ እሑድ ማማ ኖምቱንዚ ከወጥ ቤታቸው አረንጓዴዋን ወንበር ተሸክመው መጡና ከአግዳሚያቸው ጫፍ አኖሯት።

ታታ ኤድሰን፣ «አንቺ ኖምቱንዚ፣ መተላለፊያችንን ዘጋሽው እኮ» አሏቸው።

«ቀጠን ብለው ይለፉ ታታ። ሰው አለባት።»

«የታለ ሰውዬው?»

«ሴት ናት። መንገዱ ረዝሞባት ነው።»

ወንበሯ እንዲህ ባዶዋን ሦስት ክረምት ከረመች። የጌታ እራት ሲሆን እንጀራው በትሪ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ማማ ኖምቱንዚ ትሪውን ወንበሯ ላይ ለአፍታ ያሳርፉና ለቀጣዩ ያቀብላሉ። መጀመሪያ ተሳቀባቸው። በኋላ ግን ዓይናችን ለመደ፤ ልጆቻችን እንኳ ሲያልፉ ልብሳቸውን ሰብስበው «ይቅርታ» ይሏት ጀመር።

በ2011 አንድ ጉም ያዘለ እሑድ፣ ትሪው ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ቀርቶ ታታ ኤድሰን ራሳቸው ይዘው ያድሉ ነበር። ለሁሉም እንደሚያደርጉት ጎንበስ እያሉ፣ ከአረንጓዴዋ ወንበር ሲደርሱም ጎንበስ ብለው ትሪውን ዘረጉላት። ዘርግተው ጠበቁ። ሁላችንም አየን። እሳቸውም ዘግይቶ ታወቃቸውና ቀና አሉ። ዝማሬው ቆመ።

«እጄ ቀደመኝ» አሉ።

ከአምልኮ በኋላ ማንም ሳይጠራቸው ተነሥተው፣ «ለባዶ ወንበር ጎንበስ ያልኩ ሰውዬ፣ ሰው ስትቀመጥባት እንዴት ቀጥ ብዬ አልፋለሁ? እኔ ተስማምቻለሁ፤ የቀራችሁ ተናገሩ» አሉ። የተናገረ አልነበረም።

ለፋሲካ ሉንጌልዋና ኮሌካ መጡ። ሉንጌልዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ኮሌካ መቆሟን ያዩት ታታ ኤድሰን ቦታቸውን ለቀው፣ «ነይ የእኔ ልጅ፤ እናትሽ ቆጠራ አትችልም» አሏትና ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። በማግሥቱ ማማ ኖምቱንዚ ሕልም ሳያወሩ ሻያቸውን ጠጡ። «ማማ፣ ሕልሙስ?» ሲባሉ፣ «ሞላ» አሉ።

ከ2019 ጀምሮ የስኳር ሕመም እግራቸውን ያዛቸው። ሉንጌልዋና ኮሌካ ሥራቸውን ትተው መጥተው አስታመሟቸው። በመጨረሻው ሳምንት ያ ሕልም ተመለሰ። ወንዙ፣ ገበታው፣ እናታቸው፣ አንዲት ባዶ ወንበር። ኮሌካ ከንፈራቸውን እያራሰች፣ «ደግሞ ማን ቀረ ማማ?» ብትላቸው፣ «ይቺኛዋማ የእኔ ናት» አሉና ፈገግ አሉ። ሰኔ 9 ቀን 2021 ጉሙ ከወንዙ ሲነሣ፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን፣ ሴት ልጃቸውን ሉንጌልዋን፣ ልጃቸውን ኮሌካንና የልጅ ልጆቻቸውን ተክተዋል። ዛሬ ጠዋት ባለ ቀይ ሸሚዝ እናቶች ያንን ሸሚዝ እንደታጠፈ ይዘው መጥተው ከወንበሯ መደገፊያ ላይ አኑረውታል። ታታ ኤድሰንም በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ከጎኗ ቆመዋል፤ ተቀመጡ ብንላቸው እንቢ ብለዋል።

የገበታው ጌታ ነፍሳቸውን በእናታቸው አጠገብ ያስቀምጥልን። እናንተም ወገኖቼ፣ ወንበሯ ወደ አግዳሚው ጫፍ ተመልሳ እዚያው ትቆያለችና፣ ባዶዋን ያገኛችኋት ቀን ቀጠን ብላችሁ እለፉ። ሰው አለባት። አደራ፣ ይህንን አስታውሱልን።