የታጠበው እርሾ

ውድ ጭራሮዬ፣

እንደምን ነሽ አልልሽም፤ አፈር የለበሰ ሰው እንዲህ አይጠየቅም። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። እንደ ድሮው "ሙቺ" ብዬ ልምልልሽ ስል እንኳ አፌ ላይ ይደርቃል።

ወንበርሽ አሁንም ቤተ ሙከራው ጥግ ነው። ያን የክሪስታል ወንፊትሽን ልጨርሰው ብዬ ተነሥቼ ነበር፤ አጥንት የሚያጎብጠውን ፍሎራይድ በጠባብ ቀዳዳዎቹ አውጥቶ ሌላውን ጨው ውኃው ውስጥ የሚያስቀረውን። እናትሽን ያጎበጣቸው የጉድጓድ ውኃ ነውና "ሳይሞቱብኝ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ አጠጣቸዋለሁ" ትይ ነበር። ቀድመሻቸው ሄድሽ።

ክሪስታሉን የምታበቅይበትን ዕቃ አታጥቢም ነበር። አለቃችን "ይሄ ዕቃ ነው ወይስ የዶሮ ቆጥ?" ሲልሽ "እርሾዬን እንዳትነኩብኝ!" ትይዋለሽ። ግድግዳው ላይ የቀረው ነጭ ደቃቅ ነው ለአዲሱ ክሪስታል ዘር የሚሆነው። እኔም ስቄብሻለሁ። ከአንቺ ዕቃ በቀር ግን ከማናችንም ዕቃ ሳይሰነጠቅ የወጣ የክሪስታል ሽፋን፣ ማለትም ወንፊት የለም።

ከቀብርሽ በኋላ እናትሽ የሥራ ልብስሽን ሊወስዱ ቤተ ሙከራው መጡ። አለቃችን ጠርቶኝ ደርሼ ስመለስ፣ በዚያ በጎበጠ ወገባቸው መታጠቢያው ላይ ተደፍተው ዕቃሽን በሽቦ ይፈትጋሉ። ሳህን ላይ የነበረችው፣ ሳትሰነጠቅ የወጣችው አንዷ ሽፋንሽም ልጣጭ መስላቸው ከእድፉ ጋር በቧንቧው ወርዳለች።

"አየሽ፣ ልጄ በቆሻሻ ዕቃ ትሠራ ነበር ተብላ አትታማም" አሉኝ።

ዕቃው መስታወት መስሏል።

"እጅዎ ይባረክ፣ እማማ" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ የማበቅለው ሁሉ ይሰነጠቃል። የፈረሰ አጥር ነው፤ ክፉውንም ደጉንም ያሳልፋል። አለቃችን "አንዴ ስለተሳካ ተሳካ አይባልም፤ ክፍሉን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" አለኝ። ተስፋ ቆርጫለሁ፣ እህቴ። የሚያስለቅሰኝ የአንቺ ሞት ይሁን የሽፋኑ መሰንጠቅ መለየት አቅቶኛል።

ባለፈው እናትሽ ደወሉ።

"የልጄ ወንፊት ደረሰ ወይ?"

"ትንሽ ነው የቀረው፣ እማማ።"

"እንግዲያው ከጉድጓዳችን ውኃ ልላክልሽ። በሱ ነው የሚሞከረው ትለኝ ነበር።"

ተዉት ማለት አቃተኝ።

ውኃውን የያዘው ጄሪካን ትናንት ደረሰ። ወንበርሽ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከታቹ እስከ ክዳኑ ተፈትጎ ታጥቦ ያበራል።

ነዝናዛሽ