ዶክተር ማርያማዊት ህሩይ፦ የስብ ሕዋሳትን ያሳደጉ፣ ስሕተታቸውን ያልሸሸጉ

ዶክተር ማርያማዊት ህሩይ ከአባታቸው ከመሪጌታ ህሩይ ኪዳነ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ የዓለምወርቅ ባዬ መጋቢት 5 ቀን 1956 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ተወለዱ። አባታችን የድጓ መምህር ነበሩና እህቴ ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት ከቤታችን ደጃፍ፣ ከአባታችን ደቀ መዛሙርት ጋር እኩል ተቀምጠው ነው።

ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ ጨርሰው በ1975 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በሥነ ሕይወት ተመርቀው በ1979 ዓ.ም. በመምህርነት ወደ ጎንደር ተመለሱ። ያኔ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይተው ነበር። እሑድ እሑድ እኛን ታናናሾቻቸውን ፒያሳ ይወስዱንና ኬክ ይጋብዙናል፤ የራሳቸውን ግማሽ ግን ለእናታችን በወረቀት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱት ነበር። በ1982 ዓ.ም. ከመምህር ክንዱ ወንዴ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ዝማሬንና ሐብተ ማርያምን አፍርተዋል።

በ1986 ዓ.ም. እናታችን ስኳር ታመሙ። ሐኪሙ ቅቤ እንዲቀንሱ ሲመክራቸው፣ «ዘይቱስ ልጄ? እሱም ቅባት አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አጠገባቸው የነበሩት ማርያማዊት፣ «እኔም አላውቅም እማዬ፤ ተምሬ እነግርሻለሁ» አሉ። ለዶክትሬት ወደ ጀርመን ሄደው በ1993 ዓ.ም. ሲመለሱ ግን እናታችን ካረፉ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራቸው በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የስብ ሕዋሳትን በትንንሽ ሳህኖች ማሳደግ ነበር። ከቅቤ፣ ከኑግና ከሰሊጥ የሚገኙትን የስብ አሲዶች ለሕዋሳቱ እየመገቡ የትኛው ብዙ ስብ እንደሚያስከማች ይመረምሩ ነበር። የተከማቸው ስብ በቀለም ሲነከር በማይክሮስኮፕ እንደ ቀይ ዶቃ ይታያል። ያን ጊዜ ደስታቸው ወሰን የለውም፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ታየችን ሳይቀር፣ «ነይ እዪ ታየች፣ ጓዳቸውን እንዴት እንደሞሉት!» እያሉ ይጠሩ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. የሰሊጥ ዘይት የተመገቡ ሕዋሳት ጥቂት ስብ ብቻ እንዳከማቹ ጽፈው አሳተሙ። ወሬው ሳንጃ ከተማ ደርሶ የሰሊጥ ነጋዴው አቶ ሐምዛ ጽሑፉን በመስተዋት አስገብተው ሱቃቸው ውስጥ ሰቀሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ተማሪያቸው እንኳየሁ ሙከራውን ስትደግመው ውጤቱ አልመጣ አለ። ዶክተር ማርያማዊት አልተቆጡም፤ ሦስት ወር አብረዋት ፈተሹ። የመጀመሪያው ዘይት ቆይቶ የተበላሸ ነበር፤ ሕዋሳቱም ስብ ያላከማቹት ስለተጎዱ ነው። ባልደረቦቻቸው ዝም እንዲሉ ቢመክሯቸውም ጽሑፉ እንዲሻር በፊርማቸው ጠየቁ። ከዚያ ሳንጃ ወርደው ለአቶ ሐምዛ በአካል ነገሯቸው።

«ምነው ዶክተር፣ ያን የመሰለ ሸጋ ነገር ያፈርሱብኛል?» አሉ አቶ ሐምዛ።

«አያ ሐምዛ፣ ሰሊጡ አልበደለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ሐምዛ መስተዋቱን ከግድግዳው አወረዱ። «እንግዲያው በትኩሱ ይሞክሩት» አሉና ከአዲሱ ምርት አንድ ከረጢት አሸከሟቸው። በትኩሱ ዘይት ግን ሕዋሳቱ ወፈሩ፤ ይህንንም ሳይደብቁ አሳተሙ። አቶ ሐምዛ ያም ሆኖ ሰሊጥ መላክ አልተዉም።

በ2016 ዓ.ም. በጡረታ ከተገለሉ በኋላ በጉበት ሕመም ተይዘው ሲታከሙ ቆዩ። ዛሬ መምህርት የሆነችው እንኳየሁ ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር ስለ ራሳቸው ሕመም ሳይሆን፣ «ሕዋሳቱ እንዴት አደሩ?» ይሏት ነበር። ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ባለቤታቸውን መምህር ክንዱን፣ ሁለት ልጆችን፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ ይህን የጻፍሁትን እኔን እህታቸውን ስንዱንና ሌሎቹን ታናናሾቻቸውን፣ እንዲሁም እውነትን ከክብር ማስቀደም ያስተማሯቸውን ብዙ ተማሪዎች ትተው ሄደዋል።

የማያልቅ ምሕረት ያለው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ እንባችንን በመጽናናቱ ያብስልን። አሜን።