ያባቴ ሁለተኛ ዓይን

ወረታ፣ ኅዳር 3 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ

ዛሬም የአባቴን ሥዕል ጀምሬ አፍንጫው ላይ ቆምኩ። ላጲሱ ወረቀቱን በሳው። ሌላ ወረቀት። እሱም ተበላሸ። በሥዕል የማዘጋጀው የልጅነቴ መጽሐፍ ሌላው ሁሉ አልቋል፦ የርብ ወንዝ ሙላት ቤታችንን ሲከብ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ቆጥ ላይ ተሰቅለን፣ የጓያው ማሳ፣ በሬዎቹ። ከየሥዕሉ ሥር ታሪኩን ጽፌያለሁ። የጎደለው አባቴ ነው። ፊደል ስቆጥር ነው የሞተው። ርብ ማዶ ማሳ ሲጠብቅ ወባ ጣለው፤ ተከፍኖ ነው የመጣልን። ፎቶ የለው፣ ምን የለው።

እማ ደግሞ ታጣድፈኛለች። ዓይኗን ሞራ እየጋረደው ነው፤ አንደኛው ጨርሶ ሄዷል። ሳይጨልምብኝ አባትህን አንዴ አሳየኝ ትላለች፣ ጧት ማታ። ለስንቱ ተማሪ ሥዕል የማስተምር ሰው ላንድ አባት ልነስ? ተወኝ እስቲ፣ ደብተር።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ጨረስኩ! እርፍ ጨብጦ፣ ከጎን፣ ወደ በሬዎቹ እያየ። እኔ የማውቀው እንዲህ ነው፤ ከጎኑ እየሄድኩ።

በር ላይ ለእማ ሰጠኋት። ወረቀቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋች። አዘነበለችው፣ አቀናችው። ከዚያ ጩኸት። «በስመ አብ! ምን በደሉህና ነው ባንድ ዓይን የሣልካቸው?»

እንዴት ረሳሁት! የማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሁሉ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ነው። ከጎን ባንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣንና ጭፍሮቹ ናቸው። ልጅ ሆኜ በጣቷ እያሳየች ያስተማረችኝ ራሷ ናት። እኔ የከተማ ትምህርቴን ይዤ መጣሁና አባቴን ከይሁዳ ጋር አሰለፍኩት። ሰው ከጎን ሲታይ አንድ ዓይኑ ነው የሚታየው ብል ማን ሰምቶኝ። ጎረቤት እንዳያይ ወረቀቱን ነጠላዋ ሥር ወሸቀችው። እራት አልበላም አለች። እኔም አልበላሁ፤ በንዴት።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ፣ ገበያ

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ወረቀትና ቀለም የምገዛው ከሐጂ ሰዒድ ነው። አባቴ ኑግ የሚሸጠው ለሳቸው ነበር። መልኩ እንዴት ነበር አልኳቸው። ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ነበር አሉኝ። መልኩ፣ ሐጂ፣ መልኩ! ረዥም ነው አሉ። አሰቡ፣ አሰቡ። ለቢምቢው ብሎ በጋቢ ይጀቦን ነበር አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «በሬውን ግን አልረሳውም!» ግንባረ ቦቃ፣ ግራ ቀንዱ ወደታች የዞረ፣ ጆሮው ተቀዶ የዳነ።

ሌሎቹም ሽማግሌዎች እንዲሁ። የፎገራ ሰው የበሬውን መልክ ያውቃል፤ የባለቤቱን የሚያውቅ ጠፋ። ምን ጉድ ነው! በሬውንማ ሥዬዋለሁ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ሚካኤል

ት/ቤት የለም። ትዕግሥቴም የለም። እርሳስ ይዤ እማ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቅንድቡ? ቆንጆ ናቸው አለች። ዓይኑስ፣ ትልቅ ነው ትንሽ? የሰው ዓይን ነዋ። ጮኽኩባት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረሽው ኖረሽ አልኳት።

 አንገቷን እንደደፋች ነገረችኝ። በልጅነቷ ነው የዳሯት። ሴት ባሏን ቀና ብላ አታይም ተብላ ነው ያደገችው። ሲገባ ትነሣለች፤ ሲበላ ኩራዝ ይዛ ትቆማለች፤ ሲያናግራት መሬት መሬት ታያለች። ተኝቶስ አልኩ። ኩራዝ ሳያጠፋ የሚተኛ ማን አለ አለች። ልልመድ ስትል ሞት ቀደማት። «ፊታቸውን እኔም አላውቀው፣ ልጄ። አንተ ታውቅ መስሎኝ እኮ ነው።»

ለካ ለዚህ ነው። ላንዴ እንኳ ላየው ብላ ነው። እሷ በኔ ተማምና፣ እኔ በሷ ተማምኜ፤ ላም አለኝ በሰማይ። እኔስ ብሆን? አባቴ ሲናገረኝ አንገቴን ደፍቼ ነው። ጨዋ ልጅ ይሉኝ ነበር። ጨዋነቴን ይብላው! ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

እማ ራሷ ጀመረች። እግራቸውን ልንገርህ አለች። ከእርሻ ሲመለስ ታጥበው የነበረችው እሷ ናት፤ እግር ማየት ማን ይከለክላታል። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የማጭድ ጠባሳ። ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ላይ የወጣች። ተረከዙ በጋ ሲሆን እንደ ዋልካ መሬት የሚተረተር። እኔ እሥላለሁ፤ እሷ ወረቀቱን በጣቷ እየነካች ታርማለች። ጠባሳው ወደ ውስጥ ነው ትላለች፣ ትቆጣለች። አጠፋለሁ፣ እሥላለሁ። ገበቴ፣ ውኃ፣ ሁለት እግር፣ የሷ እጆች።

ፀሐይ ሳትገባ በር ላይ ይዛው ቆመች። ብዙ ቆየች። «እሳቸው ናቸው» አለች።

ወሰንኩ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ይህ ነው። ባለአንድ ዓይኑን ምድጃ ውስጥ ከታዋለች፤ አልተቆጣሁም።

አንድ ነገር ግን አናደደኝ። የእማን ፊት ልሣል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ነጠላዋ መጣልኝ። እጇ መጣልኝ። ፊቷ አልመጣም። አንድ ቤት እየኖርን! ጨርሶ የሄደው የትኛው ዓይኗ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ነገ ጧት በር ላይ አስቀምጣታለሁ። ነውር ነው ብትል አልሰማትም። አገጯን ቀና አድርጌ፣ ፊት ለፊት፣ ሁለቱንም ዓይን፣ የታመመውንም እሥላለሁ።