ያልተበሳው እግር

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከረምክ? ስደውል አታነሳም፣ መልእክት ስልክልህ አይተህ ታልፈዋለህ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በእጅህ እንድታደርስልኝ እህትህን ለምኛታለሁ። መቼም እሷን አትሸሻትም። ደህና ነኝ ልልህ ነበር፤ ግን ምን ያስዋሸኛል፣ ደህና አይደለሁም።

ልጃችን ሚጢጢ በትምህርት ቤቷ ደረጃ ላይ ወድቃለች። አትደንግጥ፣ ክርኗ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆነችም። የከዳት የሠራሁላት ሰው ሠራሽ እግር ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ከውጭ ይመጣልን የነበረው የእግር መሥሪያ ፕላስቲክ ቆመ፤ የማምረቻ ቤቱ አለቃችንም "ጠብቁ" ከማለት ሌላ ወሬ የለውም። ልጄ ቁጭ ብላ ሌሎች ልጆች ሲሯሯጡ ስታይ መጠበቁን ተውኩት። ያንን አብረን የሞከርነውን ቃጫ ሬዚን የሚባለው ሙጫ ውስጥ እየነከርኩ፣ የተረፈ እግሯን በቀረጽኩበት ጄሶ ላይ ደራርቤ ጠቀለልኩና እግሯ የሚገባበትን ማቀፊያ ሠራሁ። ደርቆ ሲወጣ ብታየው! ቀላል፣ ጠንካራ፣ ቀለሙ ማር የመሰለ። ሚጢጢ አቅፋው አልሰጥም አለችኝ።

ከዚያ የእግሩ ብረት የሚታሰርበትን ቀዳዳ መብሳት መጣ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አንተ ከውጭ ስትበሳ እኔ እጄን ወደ ውስጥ ሰድጄ፣ በልኩ የተጠረበውን እንጨት ከጀርባ ደግፌ እይዝልህ ነበር። መሰርሰሪያው ሊወጣ ሲል አንተ እጅህን ታቀልላለህ፣ እኔ እንጨቱን ጠበቅ አደርጋለሁ። መነጋገር እንኳ አያስፈልገንም ነበር። አንድም ቀን ጣቴን ነክተኸኝ አታውቅም።

አሁን ማን አለኝ? በማሰሪያ ብሞክር ጎባጣው ላይ አልቀመጥ አለ። የማምረቻ ቤቱን ብረት በያጅ ለመንኩት። ደግ ሰው ነው፣ ግን ብረት የለመደ እጅ ነው፤ እንደያዘው እስከ መጨረሻው ተጭኖ አሳለፈው። "እይማ፣ ምን የመሰለ ቀዳዳ!" አለኝ። ከውጭ ለሚያየው እውነቱን ነው። ጣቴን ወደ ውስጥ ስሰድ ግን ድርብርቡ ተላቅቋል፣ ቃጫው ተንጨባርሮ ቆሟል። በሬዚን ደፈንኩት፤ የያዘ መስሎኝ ነበር። ላቧ ሲገባበት አብጦ ተሰነጠቀና ልጄን ጣላት።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ እዚያው ቀዳዳው ላይ ይበላሻል። ዝግ ብዬ ስበሳ ይቃጠላል፣ ስፈጥን ከጀርባው ይተረተራል። በያጁ "ተይው በቃ፣ ፕላስቲኩን ጠብቂ" ይለኛል። እስኪ አንተው ንገረኝ፣ የሰባት ዓመት ልጅ እንዴት ነው ጠብቂ የሚባለው?

እግሯ የተቆረጠ ዕለት ሞተሩን የነዳኸው አንተ ነህ፤ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። የሄድከው እግሯን ማየት አቅቶህ እንደሆነም አልጠፋኝም። ግን አንተ ሰው፣ ሰው አገር ተቀምጠህ ራስህን ብትቀጣ ለማን ይበጃል? ተናድጄብሃለሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ተናድጄብሃለሁ። እኛ እዚህ የሚቸግረን እጅህ ነው እንጂ ጸጸትህ አይደለም።

ትናንት ምን አለችኝ መሰለህ? "እማዬ፣ ቆሜ ፎቶ ብነሳና ብንልክለት አባዬ ይመጣል?" ዕቃ የማነሳ መስዬ ጓዳ ገባሁና አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ።

ቃጫው አልቋል። በቀረችኝ አንድ ማቀፊያ ሠርቻለሁ፤ አንተ ትሠራበት የነበረው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አልበሳሁትም። በያጁንም፣ አለቃንም እንዳትነኩት ብያለሁ፤ አበደች ብለውኛል፣ ይበሉ። ከዚህ በኋላ የምሞክርበት ወኔ የለኝም። ና እና ብሳው፤ እኔ ከውስጥ እይዝልሃለሁ። ከዚያ ልሂድ ካልክ ሂድ፣ አልከለክልህም። ብቻ አንዴ ና፣ በሞቴ።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ ልብህንም ያራራልኝ። እህልህን በሰዓቱ ብላ፤ ስትናደድ እንደምትተወው አውቃለሁ።

የልጅህ እናት

ይቺን ሳልነግርህ ልዘጋው ነበር። ዛሬ ያንን ያልተበሳውን ማቀፊያ ስለካላት ጠበብ ብሏታል። እያደገች ነው።