ስምንት ብዬ የጻፍኩት ስድስት

ኅዳር 3

የጠዋት ቆጠራ፦ ስልሳ ሦስት ፍሬ መድኃኒት። በቀን ዘጠኝ፣ የሰባት ቀን። የእህል ናሙና በምይዝባቸው ትንንሽ ፖስታዎች ቀን በቀን ከፋፈልኩት። ቁም ሳጥኑ ተቆለፈ።

ከዚያ ሱቅ። ዝናብ ነበር። አንድ ምግብ ቤት ሦስት ጆንያ ሩዝ ወሰደ፤ ሌላ ዝር ያለ የለም።

ትናንት ሆስፒታል ነበርን፣ የሕመም ማስታገሻ ክፍል። ሲስተር ልጅ እግር ናት፣ ግን የዋዛ አይደለችም። ከመጀመሪያው ንገሩኝ አለች፤ ነገርኳት። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ወገቡ ከተያዘ ዘጠኝ ዓመቱ፤ በቀን ስድስት የሞርፊን ፍሬ ይውጥ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና አጥንቱ በብረት ታሰረ። ያኔ ስድስቱ አሥር ሆነ። የቀደደው ሐኪም "ለጥቂት ቀን ነው" ብሎ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ፈረመ። ሁለት ወር ጥቂት ቀን ነው?

ሲስተር እኔን ትታ ወደ ጋሼ ዞረች። "መድኃኒቱ ሲቀንስልዎት ምን መሥራት ይፈልጋሉ?"

"እ?"

"አሁን የማይችሉት… የናፈቀዎት ነገር።"

ጫማውን እያየ ቆየ። "ወንበር ላይ ተቀምጬ ፀጉሬን መቆረጥ" አለ። "ሃያ ደቂቃ መቀመጥ።"

እኔ ሳቅኩ። እሷ ጻፈችው።

ከዚያ ለእኔ፦ "በሁለት ሳምንት አንድ ፍሬ እንቀንሳለን። መቼ እንደሚቀንስ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሲከብዳቸው እንቆማለን። የእርስዎ ሥራ ማስቀመጥና መስጠት ብቻ ነው፣ እትዬ።"

"ዜሮ መቼ እንደርሳለን?"

"ዜሮ ግዴታ አይደለም። እንዲተኙ፣ እንዲራመዱ ነው የምንፈልገው።"

ስድስት ላይ ለመመለስ ብቻ ሁለት ወር ሊፈጅ ነው። ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ?

ኅዳር 9

"አንድ ፍሬ ሽንት ቤት ውስጥ ወደቀብኝ" አለ ጋሼ። ዓይኔን እያየ። የስልሳ አራት ዓመት ሰው…

"እንግዲህ ውሃ ወስዶታል፣ ምን ይደረጋል" አልኩት።

"አንቺ ግን ከምንድነው የተሠራሽው?"

"ከሩዝ።"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋርጦ እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላብ ነበር። አልሰጠሁትም። እጁን እንደዘረጋ ትቼው ወጣሁ። ያ እጅ ነው ደብተር ይገዛልኝ የነበረው።

ኅዳር 12

ጎማው ሊጠይቀው መጣ። የድሮ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ስሙ የወጣለት በቦርጩ ነው። እሱም አምና ጉልበቱን ተቀዷል። ሲሳሳቁ እስከ ሱቁ ይሰማል።

"እህትህ ዘበኛ ሆነችብህ አሉ" ይላል።

"ዘበኛማ ይሻላል" አለ ጋሼ። "ዘበኛ አንዳንዴ ይተኛል።"

ሰማሁ። መመዘኔን ቀጠልኩ።

ኅዳር 17

ስምንት ገባን። ራሱ ነው "እንሞክር" ያለው። ደህና።

ኅዳር 20

ደህና አይደለም። ቀኑን ሙሉ አፍንጫው ይፈሳል፣ ያዛጋል፣ እንደ ሕፃን ይነጫነጫል። ለሲስተር ደወልኩ።

"እንግዲያው ስምንት ላይ ይቆዩ። ካስፈለገ አራት ሳምንት።"

"አራት ሳምንት?"

"ሰውነታቸው ዘጠኝ ዓመት የለመደው ነገር ነው፣ እትዬ። አይዞዎት።"

አይዞዎት ትለኛለች። ገዢው ራሱ ዋጋ የሚቆርጥበት ገበያ አይቼ አላውቅም።

ኅዳር 24

የጋሼን ወረቀት ይዤ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለ መነጽሩ ሻጭ ወረቀቱን አየና ሰው እስኪወጣ ጠበቀ። ጎንበስ ብሎ "እናቴ፣ ይህ ካነሰው ያለ ወረቀትም እናስተናግዳለን" አለኝ። ፈገግ ብሎ። እጁ ነጭ፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ንጹሕ። ልተፋበት ምንም አልቀረኝ።

አልተፋሁም። ከኋላው መደርደሪያው ላይ ውስጡ የሚታይ ብልቃጥ አየሁ። ቫይታሚን። ነጭ፣ ክብ፣ መሐሉ ላይ መስመር ያለው። መጠኑም ልክ እንደ ጋሼ ፍሬ። አንድ ብልቃጥ ስጠኝ አልኩት።

እየተጸየፍኩት ከሱው ገዛሁ።

ኅዳር 25

ከዛሬው ፖስታ ሁለት አወጣሁ፣ ሁለት ከተትኩ። ያወጣሁትን በባዶ የሻይ ቆርቆሮ አድርጌ መጋዘን አስቀመጥኩ። ሲስተር በሰጠችኝ ቅጽ ላይ "ስምንት" ብዬ ጻፍኩ።

ሃያ ስድስት ዓመት እህል ነግጃለሁ። የአምናን ሩዝ ከዘንድሮው ቀላቅዬ አላውቅም። የሚቀላቅሉትን አውቃቸዋለሁ፤ ሰላም እንኳ አልላቸውም። ይሄ ግን ሌላ ነው። ለራሱ ብዬ ነው። አይደል?

ጋሼ ስምንቱንም ዋጠ። "ተባረኪ፣ እታለም" አለኝ።

ኅዳር 28

አንሶላውን በእጄ አጠብኩ፤ ለሌላ ሰው የሚሰጥ አይደለም። ሆዱ ተበጥብጧል። ቆዳው እንደ ተነጨ ዶሮ። ክፍሉ መስኮት ቢከፈት ባይከፈት ያው ነው፣ ሽታው ልብሴ ላይ ሱቅ ድረስ ይከተለኛል። ለደንበኛ ስመዝን ራሴን አሸታለሁ።

"ብረቱ ተሰብሯል" ይላል።

"ምንም አልተሰበረም፣ ጋሼ።"

"መድኃኒቱ ያው ስምንት ነው አይደል? ታዲያ ለምን እንዲህ ያመኛል? ተሰብሯል እልሻለሁ። ስገላበጥ ይሰማኛል።"

"አልተሰበረም።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

በምን አወቅሽ… ተነስቼ ባልዲውን ይዤ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 2

ስምንት ቀን። ከአልጋ አይነሳም፣ ግን አለ። በሲስተር አካሄድ ቢሆን ገና ስምንት ላይ ነበርን። እኔ ስድስት ደርሻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አምስት። አልቆ ሲያየው ያመሰግነኛል።

ዛሬ ቀና ብሎ አላየኝም። ግድግዳውን ነው የሚያየው። ሰው እንዲህ ይሆናል? የሁለት ፍሬ ጉዳይ ነው እኮ! እሱን ሳይ ንቀት ንቀት ይለኛል። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

ታኅሣሥ 5

ጎማው እንደገና መጣ። ኪሱ በብስኩት ማሸጊያ ተወጥሯል። ደንበኛ ይዞኝ ስለነበር ሰላም ብዬ አሳለፍኩት። ሲወጣ ኪሱ ጠፍጣፋ ነበር። አሁን ሳስበው… ብስኩት ነው ብዬ ተውኩት።

ታኅሣሥ 7

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

እኩለ ቀን ላይ ምሳ ይዤለት ገባሁ። ያንኮራፋል። እሰይ፣ ተኛ ብዬ ደስ አለኝ። ትሪውን አስቀምጬ ልወጣ ስል ማንኮራፋቱ ቆመ። ጠበቅኩ። አልቀጠለም። ከዚያ ሌላ አንድ፣ እንደሚታነቅ ሰው። ከንፈሩ የሰማያዊ ቀለም ብልቃጥ መስሏል። "ጋሼ!" አልኩ። ደረቱን መታሁት። በጥፊ መታሁት። ዓይኑን ገለጠና መልሶ ከደነ።

የሩዝ ማመላለሻው መኪና በር ላይ ነበር። ሾፌሩና እኔ ተሸክመን ጫንነው። መንገዱን ሁሉ ስሙን እየጠራሁ አልጋው ሥር ያገኘሁትን የብስኩት ማሸጊያ ጨብጫለሁ። ውስጡ ብስኩት የለም። የመድኃኒት ፍሬ የሚታሸግበት ቅርፊት ነበር፣ አምስቱ ቦታ ባዶ፣ ሦስቱ ያልተነካ።

ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሟ ቅርፊቱን ተቀበለችኝ። "የዚህ አንዱ ፍሬ የሳቸውን ሁለት ያህላል። መደበኛው በቀን ስንት ነው?"

"ስምንት።"

"እርግጠኛ ነዎት? ስምንት የለመደ ሰው በዚህ ብቻ እንዲህ አይሆንም። ሌላ የወሰዱት ይኖራል፣ ወይም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነገር አለ።" ወደ ነርሱ ዞረች። "ለሲቲ ስካን አዘጋጁ—"

ቦርሳዬ ውስጥ የሲስተር ቅጽ አለ። አሥራ ሁለት የውሸት መስመር፣ በኔ የእጅ ጽሕፈት፣ ስምንት ስምንት ስምንት። ቆንጆ ጽሕፈት አለኝ። ካልተናገርኩ አንድም ሰው አያውቅም። ያንን አስቤያለሁ። አዎ፣ አስቤዋለሁ፣ እሱ እየታነቀ።

"ስድስት ነው" አልኩ። "ሁለቱ ቫይታሚን ነው። እኔ ነኝ የቀየርኩት።"

አየችኝ። ምነው በሰደበችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አሥራ ሁለት ቀን።"

"ስካኑ ይቆይ፤ ስድስት ለለመደ ሰውነት ይህ ይበቃል" አለች ለነርሱ። በደም ሥሩ የሞርፊኑን ኃይል የሚያከሽፍ መድኃኒት ሰጡት። ደቂቃ አልሞላም፤ ጋሼ ከሰመመኑ ጮሆ ነቃ። ጮሆ ተሳደበ። ስድቡ ደስ አለኝ። ከዚያ ኮሪደሩ ጥግ ሄጄ አስመለሰኝ።

ታኅሣሥ 8

ጎማው ሆስፒታል በር ላይ ያለቅሳል። ቦርጩ ይንቀጠቀጣል። "ስቃዩን ማየት አልቻልኩም እኮ እትዬ። ከኔ የተረፈ ነበር። ለጓደኛ ነው ብዬ…"

ልጮህበት ተዘጋጅቼ ነበር። ምን ብዬ? እሱ ያለውን ሰጠው። እኔ የሌለውን አለ ብዬ ነው የሰጠሁት።

"ሌላ አለህ?"

"ቤት… ጥቂት።"

"ሂድና አምጣ። ለሲስተር በእጇ ስጣት።" ሄደ።

እኔም የሻይ ቆርቆሮውን አመጣሁ። ሃያ አራት ፍሬ። ሲስተር ፊቴ ቆጠረችው፣ ሁለት ጊዜ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች በቀይ ሰረዘች።

"ለምን?" አለች።

"ቶሎ እንዲያልቅለት።"

"ለሳቸው ነው ወይስ ለእርስዎ?"

መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜ መልስ አለኝ። አፌ ላይ ደርሶ አስጠላኝ።

"ለሳቸው እኔ አልነግራቸውም" አለች። "እርስዎ ነዎት የሚነግሩት።"

ታኅሣሥ 10

ነገርኩት። ትራሱን አስተካክዬ፣ ቁጭ ብዬ፣ ሳላዞር ሳልጠመዝዝ ነገርኩት።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ስለዚህ ብረቱ አልተሰበረም?" አለ።

"አልተሰበረም።"

ፊቱ ፈታ አለ። በእውነት፣ ፈታ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀስ ብሎ ሲቋጠር አየሁት።

"ተሰብሯል ብዬ ስፈራ… ዳግመኛ ይቀዱኛል፣ ሽባ ሆኜ እቀራለሁ ብዬ ስነግርሽ… እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"ተባረኪ እያልኩሽ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ውጪ።"

ወጣሁ።

ታኅሣሥ 13

ቤት ተመለሰ። አዲስ ደንብ፦ ሲስተር የሁለት ቀን ብቻ ትሰጠዋለች፣ በራሱ እጅ፣ ቆጥራ። እኔ አልነካም። ስንት ላይ እንደሚጀምር ስትጠይቀው "ሰባት" አለ። በስድስት አሥራ ሁለት ቀን ቆይተሃል እኮ ልል ነበር። ምላሴን ነከስኩ። ቆየ ነው የሚባለው ያ?

ታኅሣሥ 16

ዛሬ ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ፍሬዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል። አንዱን ያነሳል፣ በምላሱ ጫፍ ይነካል፣ ይጠብቃል፣ ከመረረው ይውጣል። ከዚያ ቀጣዩን። እኔ የማላውቀው ሰው ጆንያ ሲያመጣልኝ እንደማደርገው፣ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ፣ ከሥር አውጥቼ፣ ነክሼ።

አየኝ። አላቆመም።

ምሳ አልበላ አለኝ። ራስን መጥላት እንደ ራብ ነው፣ መቼ እንደሚያልፍ አይታወቅም… ምን እያልኩ ነው? የቫይታሚኑን ብልቃጥ ከነክዳኑ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ።

ታኅሣሥ 22

ጠዋት ሱቅ ስከፍት ጋሼ ከመጋዘኑ በር ወጣ። ግድግዳውን ይዞ። ሚዛኑ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ተነፈሰ።

"ስድስት ተኩል ልሞክር ነው" አለ። ሳያየኝ። "ሲስተር ፍሬው ለሁለት ይከፈላል ብላኛለች።"

"መቼ?"

"እኔ እንጃ። ላስብበት።"

"እሺ" አልኩ። መቼ፣ ለስንት ቀን፣ ከዚያስ… ሁሉንም ዋጥኩት።

ጆንያ ላይ ሊቀመጥ ፈልጎ ወገቡ እምቢ አለው፤ ቆመ። አንድ ደንበኛ ገብታ የሩዙን ዋጋ ጠየቀች። ከኔ ቀድሞ መለሰላት። ተሳስቷል፣ አርክሶታል። ባለው ሸጥኩላት።

ስትወጣ "ምነው አላረምሽኝም?" አለኝ።

"ሱቁ ያንተም ነው።"

"ተይ እንግዲህ። አሁን ደግሞ አታባብዪኝ።" ከአሥራ ሁለት ቀን ወዲህ የነገረኝ ረጅሙ ቃል ይኼ ነው። ግድግዳውን ይዞ ተመለሰ። እንደድሮው እታለም አላለኝም።

ነገ፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጋሼን ሲስተር ዘንድ ማድረስ። እሱ ይገባል። እኔ በረንዳው ላይ እጠብቃለሁ።